ከመጫኛው በፊት ሚዛኑ

ቀራንዮ የሚኖር ቤተሰብ ለተራራ ሩቅ አይደለም። በምዕራብ በኩል ወጨጫ፣ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ እንጦጦ አለለት፤ የሁለቱም አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ መውጣት ለቤተሰብ አንድ ደስ የሚል አማራጭ ሆኗል። ዳገቱ ለሚከብደው እናትና አባትም ሞተር የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ብስክሌት መጥቶላቸዋል። ጥያቄው የሚመጣው ግቢ ውስጥ ነው፤ ይህን ብስክሌት መኪናው ላይ በምን እንጫነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ብስክሌቱ ግን ቀላል አይደለም። ያለ ሞተር የሚነዳ የአዋቂ የተራራ ብስክሌት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። የኤሌክትሪኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል፤ ባትሪው ብቻ 3 ወይም 4 ኪሎ ነው። የባልና የሚስት ሁለት ብስክሌት ሲደመር ወደ ግማሽ ኩንታል ይጠጋል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በቀጭን ማሰሪያ ከመኪናው ኋላ አንጠልጥሎ ቀለበት መንገድ ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ባልተመዘነ መጫኛ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት መጫን ግን ከዚህ አይለይም። ማሰሪያው ቢበጠስ ደግሞ ብስክሌቱ የሚወድቀው ከኋላችን በሚመጣው ሞተረኛ ወይም ሚኒባስ ፊት ነው።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ።

አንደኛው የብስክሌቱ ክብደት ነው። የቤት ሚዛን ካለዎት ብስክሌቱን ተሸክመው ይቁሙበት፣ ከዚያ የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። ባትሪው ገብቶም ወጥቶም ይመዝኑት። ሁለተኛው የመጫኛው የራሱ ክብደት ነው። ሦስተኛው መጫኛው ለአንድ ብስክሌት፣ ከዚያም በጠቅላላው የሚፈቅደው ልክ ነው። አራተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው መኪናው ራሱ የሚፈቅደው ነው፤ ይህም ለጣሪያ አንድ ቁጥር፣ ለኋላ መጎተቻ መንጠቆ ሌላ ቁጥር ሆኖ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ወይም መንጠቆው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል።

አሁን እንደምር። እያንዳንዳቸው 24 ኪሎ የሆኑ ሁለት ብስክሌቶች 48 ኪሎ ናቸው። 18 ኪሎ የሚመዝን መጫኛ ሲጨመር 66 ይሆናል። መንጠቆው ቁልቁል 75 ኪሎ የሚፈቅድ ከሆነ ጉዞው ይቻላል። የሚፈቅደው 50 ኪሎ ከሆነ ግን ሁለቱንም ባትሪ አውጥተን እንኳ ድምሩ 59 አካባቢ ነው፤ አይሆንም። በዚህ መኪና አንድ ብስክሌት ብቻ ይጫናል። መጫኛው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይህን ቁጥር አይለውጠውም።

የትኛው ዓይነት?

በከተማችን በብዛት የሚታወቀው ፖርቶ መጋላ ነው። ለልጆችና ለቀላል ብስክሌት ጥሩ ነው። ለከባዱ ግን ሁለት እንቅፋት አለው። የመጀመሪያው፣ ብዙዎቹ የጣሪያ ብስክሌት መያዣዎች ለአንድ ብስክሌት የሚፈቅዱት እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ 24 ኪሎ ብረት ከትከሻ በላይ ማንሳት ለወገብም ለመኪናው ቀለምም አይበጅም። ጣሪያ ላይ ብስክሌት መኖሩን ረስቶ በዝቅተኛ የግቢ በር ወይም በምድር ቤት ማቆሚያ መግባትም አለ።

ከኋላ በር ላይ በጠፍር የሚታሰረው ዓይነት ርካሽና ቀላል ነው። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው ለአንድ ብስክሌት 15 ኪሎ አካባቢ ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት የበሩ ቆርቆሮና ጠርዞቹ ስለሆኑ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት አይመረጥም። እንደ ቀድሞው ራቭ ፎር ስኮርታ ጎማው የኋላ በር ላይ ለተሰቀለ መኪና በጎማው ላይ የሚታሰር መጫኛ አለ። እዚያም ቢሆን ሙሉ ጭነቱ የሚያርፈው በበሩ ማጠፊያ ላይ መሆኑን አይርሱ።

ለከባድ ብስክሌት የሚመቸው በመጎተቻ መንጠቆ ላይ የሚገጠመውና ብስክሌቱን ከሥር በጎማዎቹ የሚሸከመው ነው። ከዚህ ዓይነት ውስጥ እያንዳንዳቸው እስከ 30 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ብስክሌቶችን የሚይዙ አሉ። ሲመርጡ ሦስት ነገር ይዩ። ብስክሌቱ እየተነዳ የሚወጣበት መወጣጫ አለው ወይ? ካለው ማንሳት አያስፈልግም። የጎማ ማስቀመጫው ወርዱ ስንት ነው? የተራራ ብስክሌት ጎማ 6 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚሰፋ ለቀጭን ጎማ በተሠራው ላይ በቅጡ አይቀመጥም፤ ማሰሪያውም ያጥራል። የኋላውን በር ለመክፈት መጫኛው ብስክሌቱን እንደያዘ ወደ ኋላ ያዘነብላል ወይ? ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፒክአፕ ያለው ቤተሰብ ዕድለኛ ነው። ብስክሌቶቹን ከኋላ አስገብቶ፣ የፊት ጎማቸውን በስፖንዳው ላይ በወፍራም ስፖንጅ አሳርፎ በደንብ ማሰር ይበቃዋል።

መንጠቆ የሌለው መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚነዱት የቤት መኪኖች አብዛኞቹ መጎተቻ መንጠቆ የላቸውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በየሰፈሩ የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ከእነዚህ ውስጥ አምራቹ ጭራሽ መንጠቆ እንዲገጠምባቸው የማይፈቅድላቸው አሉ። የመኪናዎን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ይዘው መመሪያውን ሳያነቡ ቀብድ አይክፈሉ።

«በያጅ ጠርቼ አስበይዳለሁ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። የእጅ ባለሙያዎቻችን ብዙ ነገር ይችላሉ፤ ለቤት የሚሆን ጥሩ የብስክሌት ማቆሚያ ይሠሩልዎታል። በመኪናው አካል ላይ መንጠቆ መበየድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ከወለሉ ሥር ከፍተኛ ኃይል ያለው ባትሪ ተሸክሟል፤ የብየዳ ሙቀትና ኤሌክትሪክ እዚያ አካባቢ መቅረብ የለበትም። በነዳጅ መኪናም ቢሆን ተበይዶ የተቀጠለ ብረት ስንት ኪሎ እንደሚችል የፈተነው የለም። የሚገጠም ከሆነ ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ በቡሎን ከሻንሲው ጋር የሚታሰር፣ የጭነት ልኩ የተጻፈበት ይሁን።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአውሮፓ የሚሸጠው መጫኛ በክብ ኳስ መንጠቆ ላይ፣ በአሜሪካ የሚሸጠው ደግሞ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ የሚገባ ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። ክብደቱም አንድ 23 ኪሎ ሻንጣ ሊሞላ ይችላል። የብስክሌቱን ባትሪ ግን ማንም በሻንጣው እንዲያመጣልዎ አይጠይቁ፤ በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ መያዝ አይፈቀድም፣ የብስክሌቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 750 ነው።

ከግቢ ሲወጡ

በአምራቾች መጽሐፍ የተጻፈው ልክ የሚታሰበው ለለሰለሰ አስፋልት ነው። አንዳንዶቹ ለጠጠር መንገድ የሚፈቅዱትን ኪሎ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሌሎቹ ጭራሽ ይከለክላሉ። ከሰፈር ኮብልስቶን እስከ ዋናው መንገድ ባለው ጉድጓድና ፍጥነት መቀነሻ ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር መጫኛው የሚሸከመው ጫና ለቅጽበት ከሚዛኑ ቁጥር ይበልጣል። በሰበታ በኩል ወደ ሱባ ደን ለሚሄድ ሰው ደግሞ ይህ የበለጠ ይሠራል። ስለዚህ ከተፈቀደው ልክ በታች ጥቂት ኪሎ ይተዉ፣ ዝግ ብለው ይንዱ።

ባትሪውን ሁልጊዜ አውጥተው መኪናው ውስጥ፣ እንዳይንከባለል አድርገው ያስቀምጡ። ክብደት ይቀንሳል፣ ከዝናብ ይተርፋል፣ ከሌባም ይድናል። የባትሪውን ቦታ በክረምት በላስቲክ ይሸፍኑት። ከመጫኛው ማሰሪያ ሌላ አንድ ተጨማሪ ጠንካራ ቀበቶ ይጠቀሙ። ከተነሡ ከ5 ወይም 10 ደቂቃ በኋላ ቆም ብለው ሁሉንም በእጅዎ ነቅነቅ አድርገው ይዩ፤ የሚላላ ነገር የሚላላው በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነው።

ታርጋው፣ የኋላ መብራቱና ፍሬቻው መሸፈን የለባቸውም። የራሱ መብራትና የታርጋ ቦታ ያለው መጫኛ ይህን ይፈታል፣ ነገር ግን መኪናው ለዚያ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሶኬት ይፈልጋል። ታርጋዎን ወደ መጫኛው ማዛወር እንደሚቻልና እንዴት እንደሆነ መኪናዎን የመዘገበውን ቢሮ አስቀድመው ይጠይቁ። ሲመለሱም ባዶውን መጫኛ ነቅለው ያስቀምጡት፤ ከመኪናው ወጥቶ የቀረ ብረት በጠባብ የሰፈር መንገድ የእግረኛ ጉልበት ያገኛል።

ቁጥሩ እምቢ ካለ

አንዳንድ ቤተሰብ ደምሮ ሲጨርስ መልሱ «አይቻልም» ይሆንበታል። ያኔም ቅዳሜው አይበላሽም። አንድ ብስክሌት ብቻ ጭኖ ባልና ሚስት በየተራ መንዳት ይቻላል፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከልጆቹ ጋር በእግሩ ይንሸራሸራል። ወይም የዕቃ ማመላለሻ ፒክአፕ ለግማሽ ቀን ተከራይቶ ከጎረቤት ጋር ወጪውን መካፈል አለ። ሦስተኛው መንገድ መጫኛውን ጭራሽ መተው ነው። ሞተር ያለው ብስክሌት የተሠራው ለዳገት ስለሆነ ልምድ ያላቸው አዋቂዎች ማልደው፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከቀራንዮ እየነዱ ሊሄዱ ይችላሉ። ልጆቹና ምሳው በመኪናው ይከተላሉ።

አባቶች «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። እዚህ አራት ጊዜ መለካት ይበቃል። ወረቀቱን ይዘው ሱቅ ሲገቡ ሻጩን «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለትዎ በፊት «ስንት ኪሎ ይችላል? የት ላይ ተጽፏል?» ብለው ይጠይቁ። የተጻፈ ቁጥር ሊያሳይዎት ካልቻለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።

መልካም ጉዞ ለመላው ቤተሰብ!