ጭብጨባ ውል አይደለም

ጀማሪ የሀውስ ሙዚቃ ዲጄና አቀናባሪ የመጀመሪያ ሥራውን ይዞ አሳታሚ ዘንድ ሲቀርብ፣ «መጀመሪያ ስምህ ይውጣ፤ ገንዘቡ ይከተላል» ይባላል። ሲሰሙት ምክር ይመስላል። እኔ ግን ማደንዘዣ ነው እላለሁ። ምስክሬም ሀውስ የተወለደባት ቺካጎ ራሷ ናት።

ለሙዚቃው ስሙን ያወረሰው ዌርሃውስ የተባለ የቺካጎ ጭፈራ ቤት ነው። ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኒውዮርክ መጥቶ ሸክላ ከሸክላ እያገናኘ፣ ሌላው ቤት የገፋቸውን ወጣቶች እስኪነጋ አስጨፈረበት። ተከታዮቹ ግን የሰው ሸክላ ማጫወት ብቻ አልበቃቸውም፤ የራሳቸውን መሥራት ጀመሩ። ከበሮ መቺ የነበረው ላሪ ኸርድ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ያቀናበረው «ካን ዩ ፊል ኢት»፣ እንዲሁም የፖስታ ቤት ሠራተኛው ማርሻል ጀፈርሰን የሠራው «ሙቭ ዩር ቦዲ»፣ ሁለቱም በ1986 በትራክስ ሬከርድስ ታተሙ።

ስም ወጣ ወይ? እንዴታ! በ1987 መጀመሪያ ላይ የቺካጎ ሀውስ በእንግሊዝ አገር የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ እስከ መሆን ደርሷል። ገንዘቡስ? ኸርድና ድምፃዊው ሮበርት ኦወንስ የሮያሊቲ ክፍያ አላገኘንም ብለው ትራክስን የከሰሱት በ2020 ነው። በ2022 ጉዳዩ በስምምነት አልቆ የሥራዎቻቸው መብት ተመለሰላቸው። በዚያው ዓመት ጀፈርሰንና ሌሎች ሙዚቀኞች ደግሞ የራሳቸውን ክስ መሠረቱ። ልብ በሉ! ከ1986 እስከ 2022 ሠላሳ ስድስት ዓመት ነው። «ይከተላል» የተባለው ገንዘብ በእግሩ ቢመጣ እንኳ በደረሰ ነበር።

«አሳታሚውስ አልደከመም?» የሚል ይኖራል። ደክሟል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ዞር ብለው ባላዩት ጊዜ ሸክላውን አትሞ ገበያ ያወጣው ትንሹ አሳታሚ ነው። ነገር ግን ድካም ድርሻ ያሰጣል እንጂ የሌላውን ሥራ አያወርስም፤ ሂሳብ ከማሳየትም ነጻ አያወጣም።

ይባስ ብሎ «ቁልፍ ከመጫን በቀር ምን ሠራ?» የሚሉ አሉ። ይህ ንቀት የዋህ ነቀፋ አይደለም፤ ለነጣቂ በር ከፋች ነው። ሥራ ያልተባለ ነገር ዋጋ አይጠየቅበትማ! ለመሆኑ ያ ማሽን በስንት ሰው እጅ ነበር? ያ የባስ አካሄድና ያ የዜማ ድርድር ግን ከአንድ ሰው ጭንቅላት ወጣ። ክራር የገዛ ሁሉ ክራር ደርዳሪ አይሆንም።

ቺካጎ በ2004 አንድ መንገድ በናክልስ ስም ሰይማለች፤ በ2023 ደግሞ የዌርሃውስን ሕንፃ በቅርስነት ጠብቃለች። ደግ አድርጋለች። ዳሩ ግን የሕንፃው ባለቤት ማን እንደሆነ ድሮም በሰነድ ይታወቃል። እነኸርድ ግን የገዛ ዜማቸውን ሰነድ ለማስመለስ ፍርድ ቤት መቆም ነበረባቸው።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጀማሪው «ስምህ ይውጣ» ሲባል ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሥራው በማን ስም ይመዘገባል? የሽያጩን ሂሳብ ማን፣ በየስንት ጊዜው ያሳየኛል? መልሱን በቃል ሳይሆን በፊርማ ይቀበል። ጭብጨባው ከዚያ በኋላ ይድረስ።