የሰማይን ነገር መከታተል ሥራ ፈትነት ነው ለሚሉ የተሰጠ መልስ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት የማያውቅ ካህን የለም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ይህን ተረት ለደቀ መዝሙር እንነግረዋለን እንጂ ለራሳችን አንነግረውም። ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው ስለ ሰማይ ነገር ሲወራ ነው። ሮኬት ተተኮሰ፥ ሳተላይት መጠቀች፥ የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን ነው በተባለ ጊዜ፥ ከእኛ ወገን አንዱ «ይህ የሥራ ፈት ወሬ ነው» ብሎ ይቆጣል፤ ሁለተኛው «ይህማ ሁሉ በመጽሐፈ ሄኖክ ተጽፎልናል» ብሎ ይመካል፤ ሦስተኛው «ሕዝብ በሚራብበት አገር የሰማይ ምርምር ምን ይረባል» ብሎ ይነቅፋል። እኔም ለሦስቱ በየተራ እመልሳለሁ። አስቀድሞ ግን ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝን ነገር ልናገር።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፥ የጻድቁ ንጉሥ የላሊበላ በዓል በዋለ በሦስተኛው ቀን፥ ቀለበት የሚመስለው የፀሐይ ግርዶሽ በላስታ ላይ አለፈ። በዚያ ወራት፥ ስሙን በማልጠቅሰው በአንድ ደብር፥ አንድ የዜማ ተማሪ ነበረ። ይህ ልጅ በእጅ ስልኩ የሰማይን ወሬ የሚያነብ፥ ሮኬት የሚተኮስበትንም ሰዓት ቆጥሮ የሚጠብቅ ነበረ። ግርዶሹ ከመሆኑ አንድ ሳምንት አስቀድሞ፥ «እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ጨረቃ በፀሐይ ፊት ታልፋለች፤ ፀሐይም እንደ ቀለበት ትሆናለች» ብሎ ነገረን። እኛም ሳቅንበት።

ነገሩ ግን በተናገረው ሰዓት ሆነ። ብርሃኑ ደበዘዘ፥ አየሩ ቀዘቀዘ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት አስገቡ፤ ዓለም አለቀች ብሎ የሚያለቅስም ነበረ። ሕዝቡን ማጽናናት የሚገባን እኛ በዚያ ሰዓት አንድ ቃል አላገኘንም። ፀሐይ በተገለጠች ጊዜ ግን ቃል አገኘን፤ ልጁን ጠርተን «ይህን ከየትኛው ጠንቋይ ሰማኸው?» ብለን ገሠጽነው። እሱም ወሩ ሳያልቅ ጉባኤውን ትቶ ሄደ። ከገሣጮቹ አንዱ እኔ ነበርሁ።

ልጁ ያደረገው ጥንቆላ ነውን? ጠንቋይ የሚናገረው ምክንያቱን ሸሽጎ ነው። ልጁ ግን ምክንያቱንም ሰዓቱንም ገልጾ ተናገረ፤ ይህን የመሰለውን ሥራ እኛ ሒሳብ ብለን እንጠራዋለን። የባሕረ ሐሳብ መምህር ዓመተ ዓለሙን በ532፥ በ76፥ በ19 ገድፎ ወንበሩን ሲያወጣ፥ ወንበሩንም በ11 አባዝቶ በ30 ገድፎ አበቅቴን፥ በ19 አባዝቶ በ30 ገድፎ መጥቅዕን ሲያገኝ፥ ገና ያልደረሰውን ትንሣኤ ዕለቱን ቆርጦ ይናገራል። ጠንቋይ ነው የሚለው ማነው? ጾማችንና በዓላችን በጨረቃና በፀሐይ ጉዞ የታሰረ ሆኖ ሳለ፥ ያችው ጨረቃ ያችኑ ፀሐይ የምትጋርድበትን ሰዓት ማወቅ እንዴት ነውር ይሆናል?

ሥራ ፈትነት ነው ለሚለው ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው በጨረቃ ልደት ብቻ ነው። ጌታ የተሰቀለው ግን በአይሁድ ፋሲካ ጨረቃ በሞላችበት ወራት ነው። ፀሐይ ፈጽማ የምትጋረድበት ጊዜ እጅግ ቢረዝም ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ በዕለተ ዓርብ ግን ጨለማው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። እንግዲህ ያ ጨለማ የተለመደው ግርዶሽ እንዳልነበረ ለተጠራጣሪ የሚያስረዳው ማነው? የተለመደውን ግርዶሽ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው። የተለመደውን የማያውቅ ግን ተአምሩን ከተለመደው ለይቶ ሊያሳይ አይችልም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። መጽሐፈ ሄኖክን እንደ ዓይናችን ብሌን የጠበቅን እኛ ነን፤ ይህ ክብር ነው። ነገር ግን ሄኖክ ስለ ብርሃናት ሲናገር የዓመቱን ቀን 364 ያደርገዋል። እኛ ደግሞ ዓመቱን በ365 ከሩብ እንቆጥራለን፤ ስለዚህም በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። አባቶቻችን መጽሐፉን አክብረው አነበቡ፤ ሰማዩንም ቆጥረው ዓመታቸውን አቀኑ። መጽሐፍን ማክበር ከመቁጠር አላሰነፋቸውም። እኛ ግን ሁሉ ተጽፎልናል እያልን መቁጠሩን ተውነው። በዚያች እሑድ ከምንመካው መካከል ሄኖክን ገልጦ ሰዓቱን የነገረ አልነበረም።

የሦስተኛው ነቀፋ ከባድ ነው፤ በላስታ ለተወለደ ሰው ረኃብ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለምና። ወሎ በ1965 እና በ1966፥ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ያለቀሰችው ልቅሶ ከጆሯችን አልጠፋም። ሳተላይት እንጀራ እንደማትጋግር እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዪቱ ሳተላይት፥ ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል የሆነው፥ የተላከችው የእርሻውን፥ የደኑንና የውሃውን ሁኔታ ከላይ ፎቶግራፍ እንድታነሣ ነው። ሁለተኛዪቱም በዓመቱ፥ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከተለቻት። ሣሩ መድረቁን ከብቱ ሳያልቅ ከሰማይ ማየት ይቻላል። ያየውን ሰምቶ እህል ማቅረብ የምድር ሰው ዕዳ ነው፤ ሰሚ ቢጠፋ ጥፋቱ የተመልካቹ አይደለም።

ደግሞም የሚያሳፍረን ነገር አለ። በእንጦጦ በ3,200 ሜትር ከፍታ የቆሙት ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ከደመናና ከአዲስ አበባ መብራት ጋር ይታገላሉ። ስለዚህ የጠፈር ሊቃውንት ለሚበልጥ መመልከቻ የላሊበላን ዙሪያ ተራሮች ሲያስቡ ቆይተዋል። ሌላው ከሩቅ ሆኖ የላስታን ሰማይ ሲመኝ፥ ከሥሩ የምናድር እኛ አንገታችንን ቀና የሚያደርገውን ልጅ እንገሥጻለን።

ከዚህ ሁሉ ነቀፋ በስተኋላ እውነተኛ ስጋት እንዳለ አልክድም። በዐውደ ነገሥት ኮከብ እየቆጠረ የድኻ ገንዘብ የሚበላ ሞልቷል፤ ከኮከብ ዕድል መፈለግንም ቤተ ክርስቲያን ትከለክላለች። ነገር ግን ይህ ሰው ገበያ ያገኘው እኛ ዝም ባልንበት ቦታ ነው። ፀሐይ በጨለመች ጊዜ ካህኑ የሚለው ቢያጣ፥ ሕዝቡ የሚለው ወዳለው ሰው ይሄዳል።

የምንፈተንበት ቀን እነሆ ቀርቧል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ፥ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፥ ፀሐይ በግብፅና በዐረብ አገር ፈጽማ ትጋረዳለች፤ በእኛም ሰማይ ከፊሏ ይሸፈናል። ክረምት ነውና ደመናው ይከለክለን ይሆናል፤ ሕዝቡ ግን ነገሩን ከእኛ ይስማ። በዋዜማው እሑድ፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ ቀኑንና ምክንያቱን እንንገረው፤ ፀሐይን በባዶ ዓይን መመልከት ዓይንን እንደሚያጠፋም እናስጠንቅቀው። የባሕረ ሐሳብ መምህራንም ከአበቅቴና ከመጥቅዕ ጋር የግርዶሹን ምክንያት ለደቀ መዛሙርት ያስተምሩ። የሰማይን ወሬ የሚከታተል ልጅ ቢገኝ በጉባኤው መካከል ይቀመጥና ያነበበውን ይንገረን፤ ያልመሰለንን በሒሳብ እንመርምር እንጂ በቁጣ አናባርር።

ያ የዜማ ተማሪ ዛሬ ወዴት እንዳለ አላውቅም። ይህ ጽሑፍ ቢደርሰው፥ በዚያች እሑድ እውነቱን የተናገረው እሱ እንደ ነበረ እመሰክርለታለሁ፤ ስለ ገሠጽሁትም ይቅር ይበለኝ።