የሱን ጂሃይ የእግር ኳስ ሕይወት፦ የአንድ ተከላካይ ስኬትና የአንድ ሥርዓት ጉድለት

የአንድ ግለሰብ ስኬት ለአንድ ሥርዓት ጥንካሬ ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ ግለሰቡም ሥርዓቱም በተዛባ ሚዛን ይመዘናሉ። የቻይናዊው ተከላካይ የሱን ጂሃይ የእግር ኳስ ሕይወት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ለአንዳንዶች የሀገሩ እግር ኳስ በአውሮፓ መፎካከር እንደሚችል ያስመሰከረ ተጫዋች ነው፤ ለሌሎች ደግሞ ከችሎታው ይልቅ ለቻይና ገበያ ሲባል የተከበረ ነው። ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ጥያቄ ይስቱታል፤ ይኸውም ሱን የከፈተው መንገድ ከእርሱ በኋላ ተከታይ ያጣው ለምንድን ነው የሚለው ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሱን በ1977 በወደብ ከተማዋ ዳልየን ተወለደ። ቻይና በ1994 የፕሮፌሽናል ሊግ ስትጀምር የከተማዋ ክለብ ዳልየን ዋንዳ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሱን የበሰለውም በዚህ ክለብ ውስጥ ነው። በ1998 ከብሔራዊ ቡድን ባልደረባው ከፋን ዢዪ ጋር ወደ እንግሊዙ ክሪስታል ፓላስ አመራ፤ ሆኖም ክለቡ በገንዘብ ቀውስ በመናጡ በቀጣዩ ዓመት ወደ ዳልየን ተመለሰ። በ2002 መጀመሪያ ማንችስተር ሲቲን ተቀላቀለ፤ ቡድኑም በዚያው የውድድር ዘመን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ኦክቶበር 26 ቀን 2002 በበርሚንግሃም ሲቲ ላይ ያስቆጠረው ግብ በፕሪሚየር ሊግ በቻይናዊ ተጫዋች የተቆጠረ የመጀመሪያው ግብ ነው።

ሱን ለገበያ ሲባል ብቻ ተፈላጊ ነበር የሚለው ክርክር በዚህ ታሪክ ፊት አይጸናም። ክለቦች ማልያ ለመሸጥ ሲሉ ተጫዋች ሊያስፈርሙ ይችላሉ። ነገር ግን የተከላካይ ስህተት ወዲያውኑ በውጤት ሰሌዳው ላይ ስለሚታይ፣ ለማልያ ሽያጭ ሲል አንድን ተከላካይ ለዓመታት የሚያሰልፍ አሠልጣኝ ማግኘት ያዳግታል። ሱን በኬቪን ኪጋን፣ በስቱዋርት ፒርስና በስቬን ዮራን ኤሪክሰን ሥር እስከ 2008 ድረስ ከ100 በላይ የሊግ ጨዋታዎችን አድርጓል። በቀኝና በግራ መስመር ተከላካይነት፣ አስፈላጊ ሲሆንም በአማካይነት ተሰልፏል፤ በ2004 ከደረሰበት ከባድ የጉልበት ጅማት ጉዳት አገግሞም ወደ ሜዳ ተመልሷል።

በ2015 የእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም ሱንን በክብር መዝገቡ ላይ ሲያሰፍረው ብዙዎች መጠራጠራቸው አያስገርምም። ክብሩ የተሰጠው ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ ማንችስተርን በጎበኙበት ወቅት ነበር፤ ከሳምንታት በኋላም የቻይና ባለሀብቶች በማንችስተር ሲቲ እናት ኩባንያ ውስጥ የ13 በመቶ ድርሻ በ400 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው የሚመለከተው የሸላሚውን ዓላማ እንጂ የተሸላሚውን ሥራ አይደለም። ሁለቱን አለመለየት በሜዳ ላይ የተገኘን ውጤት በዲፕሎማሲ ጥላ መሸፈን ነው።

ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቻይና በ2002 የዓለም ዋንጫ ሦስቱንም ጨዋታዎች ተሸንፋ ዘጠኝ ግብ ሲቆጠርባት አንድም አላስቆጠረችም፤ ሱን ራሱ በመጀመሪያው ጨዋታ ተጎድቶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሀገሪቱ ወደ ውድድሩ አልተመለሰችም። ሱን በ2009 የተቀላቀለው ቼንግዱ ብሌድስ እርሱ ከመድረሱ በፊት በተፈጸመ የውጤት ማጭበርበር ምክንያት በ2010 ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። በዚያው ጊዜ ተመሳሳይ ቅጣት የደረሰበትን የጓንግዡ ክለብ ኤቨርግራንዴ የተባለው የሪል ስቴት ኩባንያ ገዛው፤ ክለቡም ስምንት የሊግና ሁለት የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎችን አነሣ። ገንዘቡ ሲነጥፍ ግን በ2025 መጀመሪያ ፈረሰ። የ2020 ሻምፒዮኑ ጂያንግሱም ዋንጫውን ባነሣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን አቁሟል።

ይህ ገንዘብ የሱንን መንገድ ከማስፋት ይልቅ አጠበበው። የውጭ ተጫዋቾች ቁጥር በኮታ ስለተወሰነ ጥሩ የሀገር ውስጥ ተጫዋች በገዛ ሊጉ እጅግ ውድ ሆነ። ክፍያው ዝቅ ወዳለበት የአውሮፓ ክለብ ሄዶ ለቦታ መፋለም ለወጣቱ ተከላካይ በኪሳራ የሚጀመር ጉዞ ሆነበት። የእንግሊዝ የሥራ ፈቃድ ሕግ ጥብቅነት ሌላው እንቅፋት እንደነበር አይካድም፤ ነገር ግን ሕጉ የብሔራዊ ቡድንን የፊፋ ደረጃ መሥፈርት ያደረገ በመሆኑ፣ ያ እንቅፋት ራሱ የሀገር ውስጡ ድክመት ውጤት ነው።

ሱን በ2013 ከጉይዡ ሬንሄ ጋር የቻይናን የእግር ኳስ ማኅበር ዋንጫ አንሥቶ፣ በ2016 በ39 ዓመቱ መጫወት አቆመ። ከአንድ ክለብ መክሰም ወይም ከአንድ ባለሀብት መውጣት በላይ የዘለቀ የእግር ኳስ ሕይወት ነበር። አንድ እንጨት ግን አይነድም። የስፖርት ልማት ተመራማሪ ከእንዲህ ያለው ታሪክ ሊወስደው የሚገባው ትምህርት አንድ ሀገር ስንት ኮከብ እንዳፈራ ከመቁጠር አስቀድሞ፣ ወጣቱ ተጫዋች ጠንካራ ውድድር ፍለጋ ከሀገሩ ሲወጣ ሥርዓቱ እንደሚያተርፍ ወይም እንደሚከስር አድርጎ ያየው እንደሆነ መመርመር ነው። ይህ ካልተመረመረ የኮከቦች የሕይወት ታሪክ ለሥርዓቱ ውድቀት ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ መሸፈኛ ይሆናል።