ገንዘቡ ሐይቅ ሲደርስ

የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ቀኑን ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ ስለ ሆነ፣ መዓቱ የመጣው ሒሳቡ ሊዘጋ አራት ወር እንኳ ሳይቀረው ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው እንደ ሐይቅ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በዚያ ወቅት በመዝገብ ላይ የሚቀረው ገንዘብ ከደመወዝ እምብዛም አያልፍም።

ታዲያ ከላይ የሚላከው የእርዳታ ገንዘብ ለምን ይዋል ብሎ የሚቈርጠው ማን ነው? «የከተማው ምክር ቤት ነዋ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛም በዩኒቨርሲቲ ሳለን እንዲሁ ይመስለን ነበር፤ በጀት ማለት የመደመርና የመቀነስ ሥራ መስሎን ነበርና።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል። አንቀጽ 94 ደግሞ ለአስቸኳይ ጊዜ፣ ለመልሶ ማቋቋምና ለልማት እርዳታ ወይም ብድር እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ክልሉም በፈንታው ለወረዳዎች ያካፍላል፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ድርሻ በጥቅል የሚሰጥ ስለ ሆነ ወረዳው እንደ ችግሩ ሊደለድለው ይችላል። የመዓት ጊዜ ገንዘብ ግን ስሙ አስቀድሞ ወጥቶለት ይመጣል። የዓለም ባንክ መጋቢት 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የፈቀደው 82.6 ሚሊዮን ዶላር በሽታውን ለመከላከል የታሰበ ነበር። እንዲህ ያለው እርዳታ ትንሽ ከተማ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ብር መሆኑ ቀርቶ ጓንትና የእጅ ማጽጃ ሆኖ ነው። «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለው ምክር ከቧንቧው ውሃ ከጠፋ ምን ይጠቅማል? ቧንቧውን ለማስጠገን የፈለገ ሹም ግን የጓንቱን ገንዘብ ሊነካ አይችልም።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ለክፍላተ አገርና ለከተሞች 350 ቢሊዮን ዶላር ሲመድብ፣ የቀረ ገቢን ለመተካትም ሆነ ለውሃና ለፍሳሽ ሥራ እንዲውል ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በየከተማው ምክር ቤት ሆነ። ሰፊ ሥልጣን ሰፊ ስሕተትንም እንደሚያስከትል አንክድም፤ ነገር ግን የተሳሳተው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል።

ሐይቅ ከበሽታው ሳታገግም ጦርነት ደረሰባት። የሕወሓት ኃይሎች በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢውን ይዘው ቈይተው፣ ደሴና ኮምቦልቻ በኅዳር ወር መጨረሻ ተለቀቁ። በደቡብ ወሎ ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ። በሚያዝያ ወርም የዓለም ባንክ፣ አማራን ጨምሮ በግጭት ለተጎዱ ክልሎች መልሶ ማቋቋሚያ 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ ፈቀደ። የዚህኛው ዕቅድ ጠባይ ከጓንቱ ይለያል፤ የትኛው ሥራ ይቅደም በሚለው ላይ የአካባቢው ሕዝብ እንዲመክር ያዛልና።

እዚህ ላይ ነው የወጣቱ የዕቅድ ሠራተኛ እጅ የሚገባው። ረቂቁን የሚጽፈው እርሱ ነው። ከበላይ የሚወደደውን አስቀድሞ ገምቶ የአዳራሽ ጣሪያ ከጤና ጣቢያው አልጋ በላይ ቢያሰፍር፣ ሕዝቡ የሚመክረው ባለቀ ነገር ላይ ይሆናል። ቃለ ጉባኤው ግን «በአንድ ድምፅ» ይላል! ሕዝቡ ተጠይቋል ለማለት፣ ማን መጥቶ እንደ ተናገረ ማየት ያስፈልጋል።

ስብሰባ በሥራ ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሲጠራ፣ አዳራሹን የሚሞላው ደመወዝተኛው ነው። በበሽታው ጊዜ ገበያ ሲታጠፍ፣ በጦርነቱም ጊዜ እህሏ ሲወሰድ ሁለት ጊዜ የከሰረችው ጉልት ቸርቻሪ፣ ቅርጫቷን ለማን ትታ ትመጣለች?