የአንበሳ ግቢው ትምህርት ለበረታችንም ይጠቅማል

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት የግቢው ጥቁር ጋማ አንበሶች የተለየ ዘረመል እንዳላቸው አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን አንድ ተንከባካቢ የአንበሳውን ማደሪያ ሲያጸዳ በአንበሳው ተገድሏል። የውስጠኛው በር ሳይዘጋ መቅረቱ በወቅቱ ተዘግቧል።

«በሩን ረሳ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሆኖም የሰው ሕይወት በአንድ ሠራተኛ ማስታወስ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው። አደጋን የሚቀንሰው አንዱ ሳይቆለፍ ሌላው የማይከፈት ድርብ በርና ሁለት ሆኖ መሥራት ነው።

የእንስሳቱ ደኅንነትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ግቢው በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት የአንበሳ ደቦሎችን እንደሚያስወግድ ተዘግቦ ነበር። ከአቅም በላይ ማራባት እንስሳውን ለሥቃይ፣ ጠባቂውን ለአደጋ ይዳርጋል። ስለዚህ ቦታና በጀት ሳይዘጋጅ ወንድና ሴቷን ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል።

ጉዳዩ አርሶ አደሩንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ዲስቴምፐር የተባለ የውሻ በሽታ ከአንበሶቹ ሲሶ ያህሉን ፈጅቷል። ተመራማሪዎች መነሻው የአካባቢው መንደሮች ውሾች እንደሆኑ ይገልጻሉ። በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ደግሞ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ከከብት ወደ ጎሽ፣ ከጎሽ ወደ አንበሳ ተሻግሯል። ይኸው በሽታ ባልፈላ ወተት አማካይነት ወደ ሰውም ይተላለፋል። በመሆኑም ለአንበሳ የሚቀርብ ሥጋ እንደ ሰው ምግብ ሁሉ በባለሙያ መመርመር አለበት።

በየከተማው ዳር እየተስፋፋ ያለው የወተት ከብት እርባታም ተመሳሳይ ችግር ይታይበታል። በጠባብ ጋጣ የታጨቁ ላሞች በሽታን በቀላሉ ይጋራሉ። ኮርማ ያለበት በረት ውስጥ ብቻውን የሚገባ ሠራተኛም ለአደጋ የተጋለጠ ነው። መኖና ውኃ ከውጭ የሚቀርብበት ገንዳ መሥራትና ኮርማውን ለይቶ የሚያቆም አጥር ማበጀት በአካባቢ እንጨት የሚቻል ሥራ ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለአዲስ እርባታ ድጋፍ ሲሰጡ ከከብቱ ቁጥር በፊት የጋጣውን ስፋትና የበሩን አሠራር ሊመለከቱ ይገባል። የውሾች ክትባትም የእንስሳት ጤና ዕቅዳቸው አካል ሊሆን ይገባል።