«ጥፋቱ የመሬቱ ነው» አያዋጣም!

አንዲት ጎረቤቴ ዘጠኝ ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ቤት አሠራች። የመጀመሪያው ክረምት እንኳ ሳይወጣ ግድግዳው ከመስኮት እስከ ወለል ተሰነጠቀ። ኮንትራክተሩን ጠርታ ብታሳየው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እህቴ፣ መሬቱ መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እኔ ምን ላድርግ?» እሷም «የራሴ ዕድል ነው» ብላ ዝም አለች።

የምን ዕድል! ዛሬም የሚሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ ተቋራጩ ካስረከበበት ቀን አንስቶ ለ10 ዓመት ለሥራው ደህንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል። ጉዳቱ ከአሠራሩም ይምጣ ከመሬቱ ጠባይ፣ ተጠያቂው እሱ ነው። ዘመኑን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ውል ቢፈረም እንኳ ዋጋ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ስንጥቁን በስቱኮ ከመድፈናችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ከተቋራጩ ጋር የማይነካካ መሐንዲስ አስመርምራችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ያዙ። ከዚያም ተቋራጩ በቀነ ገደብ እንዲያስተካክል በደብዳቤ ጠይቁ። እምቢ ካለ ፍርድ ቤት አለ።

ችግሩ እኛም ጋ አለ። በቃል ተስማምተን እናሠራለን፣ ያለ ደረሰኝ እንከፍላለን፣ ሳናይ «ተረክቤአለሁ» ብለን እንፈርማለን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ አይደል?

የፍርድ ቤት ምልልስ ጫማ እንደሚጨርስ አይጠፋኝም። የዘጠኝ ዓመት ላብ ግን ለመረሬ አይገበርም!