ፍሬን ሲጮህ ምን ይላል?

በከተሞቻችን መንገዶች ላይ በየዕለቱ ከምንሰማቸው ድምፆች አንዱ የኋላ ፍሬን ጩኸት ነው። አሽከርካሪው ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፤ ተሳፋሪው ፊቱን ያጨፈግጋል፤ የመረረው ባለንብረት ደግሞ ወደ ጋራዥ ጎራ ብሎ «ይህን ጩኸት አጥፉልኝ» ይላል። ሊባል የሚገባው ግን «ምንነቱን ፈልጉልኝ» ነበር። ጩኸቱ መሣሪያ እንደሚሰጠን ንባብ ሁሉ መረጃ ነው፤ መረጃን ሳያነቡ ማጥፋት ደግሞ የሳይንስ ተቃራኒ ነው።

በቅድሚያ ድምፁ ከየት እንደሚመነጭ እንመልከት። በብዙ አነስተኛ መኪኖች የኋላ ጎማ ውስጥ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ከበሮ መሰል የብረት ታምቡር አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይት ግፊት ሸራ የተለበጠባቸውን ሁለት ቅስት ብረቶች ገፍቶ ከታምቡሩ የውስጥ ገጽ ጋር ያገናኛቸዋል። አሞንቶን በ1699 እ.ኤ.አ.፣ ኩሎም በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥናቶች መሠረት የሰበቃ ኃይል ከሚጫነው ኃይል ጋር ተመጣጣኝ ነው። እኛም ዝምድናውን በአንድ ቋሚ ቁጥር ገልጸን እናስተምራለን። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ጩኸቱን አይገልጽም። ማሲንቆን እናስብ። የደጋኑ ጭራ ክሩን ይዞ ይስበዋል፤ ክሩ ያመልጠዋል፤ መልሶ ይይዘዋል፤ ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይወለዳል። በሸራውና በታምቡሩ መካከልም ይኸው ሊከሰት ይችላል። ከዚህም ሌላ የሰበቃው ኃይል የሁለቱን አካላት ንዝረት አቆራኝቶ እርስ በርስ እንዲጎለብቱ ያደርጋል።

ምርመራው በሁለት ጥያቄዎች ይጀምራል። የመጀመሪያው፦ ድምፁ የጎማውን ዙር ይከተላልን? የአንድ አነስተኛ መኪና ጎማ ዙሪያው 1.9 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 36 ኪሎሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር በመሆኑ ጎማው በየሰከንዱ 5 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ዙሩም በእጥፍ ይጨምራል። ድምፁ ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ ከተፋጠነ ምክንያቱ ከሚዞረው አካል ላይ ይፈለጋል፤ ለምሳሌ ክብነቱን ካጣ ታምቡር። በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚነዝረው ቀጭን ጩኸት ግን መኪናው ቢፈጥንም ቢዘገይም ቅጥነቱ እምብዛም አይለወጥም። ድግግሞሹን በዋናነት የሚወስነው የዙሩ ብዛት ሳይሆን የብረቶቹ መጠነ ቁስና ግትርነት ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ድምፁ የሚሰማው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነውን? ሳይረገጥም የሚፋተግ ከሆነ ሸራው ከታምቡሩ አልተላቀቀም ማለት ነው፤ የደከመ መመለሻ ሞላ ወይም የተጣበቀ የእጅ ፍሬን ገመድ ይጠረጠራል። ፍሬን ተያዘም አልተያዘም እያጉረመረመ በኩርባ ላይ የሚለዋወጥ ድምፅ ወደ ኩሽኔታው ያመለክታል። ዝናብ ባደረበት ማለዳ ተሰምቶ፣ ፍሬን ጥቂት ጊዜ ከተያዘ በኋላ የሚጠፋው የስስ ዝገት ድምፅ ነው፤ አያሳስብም። ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ግን የሸራውን ማለቅ ያረዳል። ያ መኪና ሳይጠገን መነዳት የለበትም።

ጥገናው ምርመራውን ይከተላል። የፊት ጎማዎች ታኮ ተደርጎላቸው፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጽኑ መደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ ታምቡሩ ይወልቃል። አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በአየር ግፊት አይነፋ። አምራቹ ከወሰነው ውፍረት በታች የሳሳ ወይም የፍሬን ዘይት የነካው ሸራ በግራም በቀኝም ጎማ አብሮ ይለወጣል፤ ዘይቱን ያፈሰሰው ሲሊንደርም አይታለፍም። ታምቡሩ በቶርኖ ሲላግ በላዩ የተቀረጸው የመጨረሻ ዲያሜትር መጠበቅ አለበት። ሙቀት የሚችል ግሪስ በስሱ የሚቀባው ቅስቶቹ በሚንሸራተቱባቸው የድጋፍ ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። ሸራውን ቅባት ማስነካት ጩኸቱን ያስቀራል፤ ፍሬኑንም አብሮ ያስቀራል።

ጉዳዩ የጆሮ ምቾት ብቻ አይደለም። 1,200 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 12 ሚሊዮን ጁል ገደማ ኢነርጂ ይለቀቃል። ይህ መጠን 35 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ከዚህም ይበልጣል። በከባድ ማርሽ ያልወረደ አሽከርካሪ የዚህን ኢነርጂ አብዛኛውን ክፍል ፍሬኑ ላይ ያራግፈዋል። 200 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ታምቡር ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሲጨምር ዲያሜትሩ በ0.4 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉም ይጠልቃል። ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል የኋላው ሸራ በዝግታ ያልቃል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይከርማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የኋላው ፍሬን በሽታውን አልደበቀም፤ የምንደብቅለት እኛ ነን።

«ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ የፊዚክስ ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ልምድ ያለው መካኒክ በጆሮው የሚለየውን እኛ በቀመር እንጽፈዋለን፤ ጉዳቱ ሁለታችን አለመገናኘታችን ነው። መካኒኩ ለምን እንደሚሆን፣ ተማሪያችንም የት እንደሚሆን ሳያውቁ ይቀራሉ። አንድ ያገለገለ ታምቡር ከጋራዥ አምጥቶ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ መትቶም ድግግሞሹን በእጅ ስልክ መለካት የሚጠይቀው ወጪ እጅግ አነስተኛ ነው። ስለ ሰበቃ የሚቀርበው ትምህርት በዝንባሌ ጣውላ ላይ ከሚንሸራተት እንጨት አልፎ ወደዚህ እንዲደርስ መምህራንን አሳስባለሁ። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም በታክሲ ስትሳፈሩ ፍሬኑ ሲጮህ ሁለቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ መልሱንም ለሹፌሩ በትሕትና ንገሩት።